በስፒሮ ወፍጮ ቤት የተለቀሰው ንጉሥ

ወይዘሮ ሸዋረጋ ከጦር ኃይሎች ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ነጠላዋን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ ሩጫ ቀረሽ እርምጃ ትራመዳለች። ታክሲ የለም። ባለታክሲዎቹ የቤንዚን ዋጋ ተጨመረብን ብለው ከሰኞ ጀምሮ መኪናቸውን አቁመዋል፤ ዛሬ ረቡዕ፣ የካቲት አሥራ ሦስት ቀን ስልሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። አውቶቡሱም ድንጋይ ከተወረወረበት ወዲህ ዝር አላለም። የከተማው ሰው በሙሉ በእግሩ ወጥቶ መንገዱ የጥምቀት ዋዜማ መስሏል፤ የሚዘፍን ብቻ የለም። ሰዉ ሁለት ሦስት እየሆነ ቆሞ ያንሾካሹካል፣ የወታደር ካሚዮን ሲመጣ ዝም ይላል፣ ካሚዮኑ ሲያልፍ ካቆመበት ይቀጥላል።

"እትዬ ሸዋረጋ! ኧረ ማን ሞተ?" አለች ከመንገዱ ማዶ ጎመን የምትሸጥ ሴት፣ ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ።

"ማንም አልሞተም! እግዜር ይመስገን በይ!"

"ታዲያ ምን ያስሮጥዎታል?"

አይፈረድባትም። ሸዋረጋ ከሮጠች ሰው ሞቷል ማለት ነው። ከአስኮ እስከ ጦር ኃይሎች ያለ ሐዘንተኛ ድንኳን ከመትከሉ በፊት እሷን ያስጠራል። ሟቹን በዓይኗ አይታው ባታውቅም ግድ የላትም፤ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የሠራውን፣ የጎደለበትን ትጠይቅና ደረቷን አንዴ መታ አድርጋ ስትጀምር ድንጋይ የሆነ ልብ ይቀልጣል። ሊታዘብ የመጣ የሟች ባላጋራ እንኳ ዓይኑ አብጦ ወደ ቤቱ የተመለሰበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለች አልቃሽ ናት።

ይህች ሴት ታዲያ ለአንድ ሰው አላለቀሰችም። ለገዛ ልጇ።

በየነ ወንድሙ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። በሃምሳ ሦስቱ የታኅሣሥ ግርግር፣ ክብር ዘበኛና ጦር ሠራዊት አዲስ አበባ መሐል ሲታኮሱ፣ ስድስት ኪሎ አጠገብ ወደቀ። ይህን የነገራት አንድ ጓደኛው ነው፤ አጥሯን ተደግፎ፣ ወደ ኋላው እየተገላመጠ። ሬሳውን አላየችም። "ከሌሎቹ ጋር ቀበሯቸው" ብቻ ነው ያላት። እሪ ልትል አፏን ስትከፍት የእድሩ ዳኛ ባላምባራስ ተክለማርያም ደርሰው አፏን በመዳፋቸው ያዙት። "ሸዋረጋ፣ ለከዳተኛ የተለቀሰበት ቤት ምን እንደሚደርስበት አታውቂም? ብታለቅሺ አንቺም ታልቂያለሽ፣ ሠፈሩም ያልቃል። ኮንጎ ሄዷል በይ! ስንቱ ወታደር ኮንጎ ሄዶ የለ!" አሏት። እሷም ኮንጎ ሄዷል አለች። አንድ ዓመት አለች፣ ሁለት ዓመት አለች፤ ይኸው አሥራ ሦስት ዓመት ሆናት። ኮንጎ የዘመቱት ከተመለሱ ስንት ጊዜያቸው! ሠፈርተኛው ግን "እዚያው አግብቶ ቀረ መሰለኝ፤ አይ ልጅ!" እያለ ከንፈሩን ይመጥላታል። ከሠፈሩ ሰው እውነቱን የሚያውቁት እሷና ባላምባራስ ብቻ ናቸው።

ሳይለቀስለት የቀረ ሰው ሆድ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ከአልቃሽ በላይ የሚያውቅ የለም። ማታ አያስተኛም፣ ቀን አያስቀምጥም። ስለዚህ መምህር መኳንንት ከወር በፊት ያንን ጉደኛ ጥያቄውን ይዞ ደጇ ሲቆም፣ ዘወር በል ልትለው አፏን ከፍታ ሳታስበው እሺ አለችው።

መኳንንት እዚሁ ኮልፌ የሚያስተምር፣ ኮቱ ጠመኔ የማይለየው ቀጭን ወጣት ነው። የጥንት ግሪኮች ክርስቶስ ሳይወለድ የደረሱትን አንድ ቴአትር ወደ አማርኛ መልሶ፣ ከፋሲካ በኋላ በተማሪዎቹ ሊያሳይ ደፋ ቀና ይላል። በቴአትሩ መጨረሻ ንጉሡ ይሞታል፤ የከተማው ሴቶችም ባንድነት ያለቅሱለታል። ተማሪዎቹን ቢያስለቅሳቸው የስም ጥሪ እንጂ ለቅሶ አልሆን አለው። እውነተኛ አልቃሽ ፍለጋ ነው ሸዋረጋ ደጅ የመጣው።

"ንጉሡ ሲሞት ሰዉ ያየዋል?" ብላ ጠይቃው ነበር ያን ቀን።

"አያየውም። በግሪኮቹ ደንብ ሞት ሕዝብ ፊት አይደረግም። እልፍኝ ውስጥ ይሞትና አንድ መልእክተኛ ወጥቶ ይናገራል። ከዚያ ሴቶቹ ይጀምራሉ፤ አንደኛው ወገን ሲል ሌላው ይመልሳል።"

"እንዴ! ይሄማ የኛ መርዶ ነው! መርዶ ነጋሪው ከነተቀባዩ! ከማን ሰምተው ነው?"

"ከማን እንደሰሙ እንጃ። ከነሱ ግን ዓለም ሁሉ ወስዶታል። ፈረንጅ ዛሬ ቴአትር የሚለው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።"

"እኛማ ከማንም አልወሰድን፤ ሞት ራሱ ነው ያስተማረን" አለችና የንጉሡን ስም ጠየቀችው። አልቃሽ ስም የሌለው ሰው አታለቅስም። መኳንንት የግሪክ ስሙን ሦስት ጊዜ ጠራላት። "ይሄ ምላስ ይሰብራል፤ ቤትም አይመታልኝ" ብላ ጣለችውና "ንጉሥ" ብቻ ልትለው ተስማሙ። ያን ጊዜ ይህ ነገር መዘዝ ያመጣል ብሎ ማን አሰበ!

ለልምምዱ የተመረጠው የሙሴ ስፒሮ ወፍጮ ቤት ነበር። ስፒሮ ኮልፌ ላይ ሠላሳ ዓመት እህል ሲፈጭ የኖረ ግሪክ ነው፤ እነዚያን የጥንት ግጥሞች በልጅነቱ መምህሩ በአርጩሜ ስላስጠኑት ዛሬም ዱቄት እያራገፈ በቃሉ ይላቸዋል። መኳንንት የከበደው ቦታ ሲደርስ የሚጠይቀው እሱን ነው። የስፒሮ ወፍጮ ሲያጓራ ደግሞ አጠገብህ በሬ ቢታረድ አይሰማም። ሬሳ ሳይኖር እሪ ማለት ሟርት ነውና፣ ሠፈሩ እንዳይሰማ ከወፍጮው ጀርባ ያለው የእህል መጋዘን ተመቸ። እስከ ዛሬ ሸዋረጋ ከሠፈር ያመጣቻቸውን ሦስት ተቀባዮች ስታሠለጥን ነው የከረመችው። መርዶው ተነግሮ ሙሉ ለቅሶው የሚወርደው ዛሬ ነው። የግሪኩን ንጉሥ ሬሳ ከለላ አድርጋ ልጇን ልታለቅሰው ነው። ይህንን ለነፍስ አባቷም አልተናገረችም።

ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ስትደርስ አንድ ነገር ጎደለባት። ወፍጮው ዝም ብሏል። ከሩቅ ጀምሮ መሬቱን የሚያንቀጠቅጠው ያ ሁሉ ጉርምርምታ የለም፤ የጎረቤት ዶሮ ስትጭር ይሰማል።

ስፒሮ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ወፍጮውን የሚያዞረውን የሞተሩን ቺንጋ ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ያብሳል። "ናፍጣ የለም፣ ሸዋዬ" አላት። "ቦቴ አልመጣም። ሾፌር ሁሉ አድማ ነው። ሞተር ከጠዋት ጀምራ ሞታለች።"

"ዛሬ ያገኘሁት ሰው ሁሉ ሞት ሞት ይለኛል!" ብላ ወደ መጋዘኑ ዘለቀች።

ብዙነሽና ሌሎቹ ሁለት ተቀባዮች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ብዙነሽ ጎረቤቷ ናት፤ በየለቅሶው እየተከተለች የምትቀበላት፣ ድምፀ መረዋ፣ ግን ከራሷ አንድ ስንኝ አውጥታ የማታውቅ ሴት። መኳንንት ደብተሩን ይዞ ከወዲያ ወዲህ ይላል።

"እትዬ ሸዋረጋ፣ ያን ሁሉ መንገድ በከንቱ አመጣሁዎት" አለ። "ቴአትሩ ቀርቷል። ርዕሰ መምህሩ ትናንት ጠርተው፣ በዚህ ሰሞን ንጉሥ የሚሞትበት ቴአትር? አብደሃል? አሉኝ። ነገሌ ላይ ወታደር አለቆቹን አስሯል፣ አስተማሪውም ሥራ አቁሟል። የመጣሁት ይቅርታ ልጠይቃችሁ ነው።"

ሸዋረጋ ግድግዳውን ያዘች። የጾሙ መጀመሪያ ሳምንት ነው፤ ከንጋት ጀምሮ ውኃ በአፏ አልዞረም፣ መንገዱም ሰብሯታል። የሰበራት ግን ጾሙም መንገዱም አይደለም። አሥራ ሦስት ዓመት የጠበቀችው በር ከፊቷ ሊዘጋ ነው።

"አንድ ጊዜ" አለች።

"ምን?"

"አንድ ጊዜ ብቻ እንበለውና ይቅር። የደከምንበት አይደለም እንዴ? አንተስ መስማት አትፈልግም?"

"ወፍጮው እኮ ቆሟል፤ ይሰማል" አለች ብዙነሽ።

"በሩን መዝጋት ነዋ!"

መኳንንት ስፒሮን አየው። ስፒሮ ትከሻውን ሰበቀና ተነሥቶ የቆርቆሮውን በር ዘጋ፣ መስኮቱንም በጆንያ ጠቀጠቀው። በእውነቱ ሁለቱም ሊሰሙት ጓጉተዋል፤ ባይጓጉ ኖሮ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃ ነበር።

መኳንንት ደብተሩን ገለጠ። "ሴቶች ሆይ፣ ነጠላችሁን አዘቅዝቁ። ዛሬ ጧት በዚህ ቤት የነበረው ንጉሥ አሁን የለም።"

ሸዋረጋ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ደረቷን አንዴ መታች፤ ሁለተኛ መታች።

አልጋው ባዶ ቀረ፥ ዘውዱ ከራስ ወርዶ፣
ማን ይቀበለዋል፥ የንጉሥን መርዶ።

"ወየው! ወየው!" አሉ ተቀባዮቹ።

ግንቡ ምን ይሠራል፥ በሩ ምን ይሠራል፣
ባለቤት ከሌለ፥ ማን ገብቶ ያድራል።

"ወየው! ወየው!"

በዝግታ ልትል ነበር ሐሳቧ። ግን ለቅሶ የተጫነ አህያ አይደለም፣ ቁም ሲሉት አይቆምም። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ድምፁ ከደረቷ ሳይሆን ከዚያ በታች፣ ልጅ ከሚፀነስበት ወጣ። ቆርቆሮው ነዘረ። ስፒሮ አጥንቱ እንደተመታ ሰው ጆንያው ላይ ቁጭ አለ። መኳንንት መስመር ሊከተል ደብተሩን ቢያይ ሴትዮዋ ከደብተሩ ከወጣች ቆይታለች።

የሰው ልጅ ቀበርኩኝ፥ ዕንባዬን አፍስሼ፣
የኔን ልጅ ደበቅሁት፥ ከንፈሬን ነክሼ።

ብዙነሽ ልትቀበል አፏን ከፍታ ዝም አለች። ይህን ስንኝ በልምምዱ አልሰማችውም። ሸዋረጋን አየቻት። ያኔ ነው ከውጭ የእድሩ ጡሩምባ የጮኸው።

ጡሩምባ ነፊው ነገሬ በዚያ ሲያልፍ ነበር። ነገሬ ለቅሶ ሰምቶ ዝም የሚል ሰው አይደለም፤ የሠፈሩን ሰው ለሞት በመጥራት ተወዳዳሪ የለውም። "ለቅሶ ነው! ስፒሮ ወፍጮ ቤት! ለቅሶ ነው!" እያለ ደግሞ ነፋው። እኛ ዘንድ ደግሞ ለቅሶ የሰማ ሰው አስቀድሞ ያለቅሳል፤ ማን እንደሞተ የሚጠይቀው አፉ ሲደርቅ ነው። ቆሞ ማነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ልበ ደረቅ ይባላል። እናም የኮልፌ ሴት መቀነቷን አጥብቃ፣ ወንዱ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ጎመን ሻጯም ጎመኗን ጥላ፣ ሁሉም እሪ እያለ መጣ። የቆርቆሮው በር ከነማጠፊያው ተገነጠለ።

ሸዋረጋ ዓይኗን ስትገልጥ መጋዘኑ በሰው ተሞልቷል። ሁሉም ያለቅሳል። ማንን እንደሚያለቅስ የሚያውቅ ግን የለም። አንዲት ሴት ስፒሮን አቅፋ "አይዞህ፣ አይዞህ ሙሴዬ" ትለዋለች፤ ስፒሮም ግራ ገብቶት "አመሰግናለሁ" ይላታል።

በዚህ መሐል ባላምባራስ ተክለማርያም ከነከዘራቸው ደረሱ። በጠላት ወረራ ጊዜ አምስት ዓመት ጫካ የኖሩ፣ ካኪ ኮታቸውን ያለ ሜዳልያ ለብሰው የማይወጡ ሽማግሌ ናቸው። በር ላይ ቆመው የአንዱን ክንድ ያዙ።

"ማነው?"

"ንጉሡ ነው ጌታዬ! ንጉሡ ሞተ እያለች ታለቅሳለች!"

ባላምባራስ ባርኔጣቸውን ወረወሩት። "ጃንሆይ!" ብለው ከነከዘራቸው ዱቄቱ ላይ ተደፉ። "አባቴ! አባቴ ጃንሆይ! ለማን ጥለኸኝ ሄድክ!"

ጉድ ፈላ! እስካሁን ዝም ብሎ የሚያለቅሰው ሰው አሁን የሚያለቅስበትን አገኘ። "መቼ?" "በራዲዮ ተነገረ?" "እኔ እኮ ወታደሩ ሲበዛ ጠርጥሬ ነበር!" "አገር አለቀች በሉ!" ግማሹ ሊያወራ ወደ ውጭ ይሮጣል፣ ግማሹ ሊሰማ ወደ ውስጥ ይጋፋል።

መኳንንት ጆንያ ላይ ወጣ። "ስሙኝ! ኧረ ስሙኝ! የኛ ንጉሥ አይደለም! የግሪክ ንጉሥ ነው!"

"የግሪክ? የስፒሮ ዘመድ ነው?"

"ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ነው የሞተው! ቴአትር ነው! ልምምድ ነው!"

ባላምባራስ ከወደቁበት ቀና አሉ፤ ጢማቸው ላይ ዱቄት፣ በዱቄቱ ላይ ዕንባ። ሀፍረቱና ንዴቱ ባንድ ላይ ወጣባቸው።

"አታልለህ ሞተሃል!" አሉት። "ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ለሞተ ሰው ሸዋረጋ እንዲህ አታለቅስም! ሃያ ዓመት ለቅሶዋን ሰምቻለሁ። ይሄ የትኩስ ሬሳ ለቅሶ ነው!"

ይህን ሲሉ ሃምሳ አለቃ ደመቀ ሁለት ፖሊሶች አስከትሎ ገባ። በአድማው ምክንያት መንገዱን ሲጠብቅ ነበር፤ "ጃንሆይ ሞቱ" እያለ የሚሮጥ ሰው ሲያይ ደሙ ቀዝቅዞ መጣ። በሌላ ሳምንት ቢሆን ኖሮ ይስቅ ይሆናል። በዚህ ሳምንት የሚስቅ ፖሊስ የለም። የመኳንንትን ደብተር ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበ።

"ዛሬ ጧት በዚህ ቤት የነበረው ንጉሥ አሁን የለም። መምህር፣ ይሄ የአንተ ጽሑፍ ነው?"

"አዎ።"

"በዚህ ሳምንት ነው የጻፍከው?"

"የለም፣ ከአምና ጀምሮ ነው።"

"ይባስ ብሎ!"

"እሳቸውን ግን ተዋቸው" አለ መኳንንት፣ ሸዋረጋን እያሳየ። "ኑ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ማንበብ እንኳ አይችሉም።"

ደመቀ ወደ ሸዋረጋ ዞረ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የፈራ ሰው ነው። "እማማ፣ ሰው ሁሉ ለቅሶዎን ሰምቷል። የሞተ ሰው ካለ ስሙን ይጥሩልኝና እግዜር ያጥናችሁ ብዬ እሄዳለሁ። የሞተ ሰው ከሌለ ግን፣ የጃንሆይን ሞት ያስወራ ሰው አለ ማለት ነው። እሱን ይዤ እሄዳለሁ።"

ሸዋረጋ መኳንንትን አየችው። ዝም ይበሉ ይላታል በዓይኑ። ቀላል ነበር እኮ! ልጁን ይወስዱታል፣ ሰዉ ይበተናል፣ እሷም ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ነገ ደግሞ አንዱ ያገኛትና ከኮንጎ ደብዳቤ መጣ ወይ ይላታል። አይ! በቃት። እንደገና አፏን ብትይዝ በየነን በገዛ እጇ ሁለተኛ ትቀብረዋለች። ደግሞስ የሰው እናት ልጅ በሷ ለቅሶ ይታሰር?

"ባላምባራስ እውነታቸውን ነው" አለች። "የትኩስ ሬሳ ለቅሶ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አልበረደም።"

"ሸዋረጋ!" አሉ ባላምባራስ።

"በየነ ወንድሙ ይባላል። የክብር ዘበኛ ወታደር ነው። ታኅሣሥ ሃምሳ ሦስት፣ ስድስት ኪሎ ላይ ሞተ። ልጄ ነው።"

ከዚያ ከኋላ አንዲት ሴት፣ "ኮንጎ አልነበረም እንዴ?" አለች፤ አጠገቧ ያለችው በክርኗ ጎሸመቻት።

"ንጉሥ ሲሉ ግን ሰምተውዎታል" አለ ደመቀ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ብያለሁ። ያዋሱኝ ሬሳ ንጉሥ ነበር፤ ያለቀስኩት ግን የራሴን ነው። ሃምሳ አለቃ፣ ለአባትህ ሙሾ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ሲያለቅስ የዋለው ሰው ሁሉ ለአባትህ ነው ያለቀሰ ይመስልሃል?"

ደመቀ አቀረቀረ። ስፒሮ ከጥግ ሆኖ፣ ለማንም እንደማይናገር ሰው፣ "መምህሬ እንዲህ አስጠንተውኛል" አለ። "ድሮ፣ በጦርነት፣ አንድ ሰው ሞተ። ሴቶች ለሱ አለቀሱ። ግን ሁሉም በሆዷ የራሷን ነበር የምታለቅሰው። ልጅ ሆኜ አልገባኝም። ስለዚህ መቱኝ።"

ደመቀ ከኪሱ ወረቀት አወጣ። "እማማ፣ ይሄ በቃል አይሆንም። ከጻፍኩት ይፈርማሉ። ወረቀቱ ወዴት እንደሚሄድ እኔም አላውቅ። የከዳተኛ እናት ነኝ ብሎ መፈረም..."

"የወታደር እናት ናት ብለህ ጻፍ። የሞተበትን ቀን ጻፍ። የቀረውን አለቆችህ ይጨምሩበት።"

"ምስክርስ? ልጅዎ ኮንጎ መሄዱን አገር ያውቃል። ይህን መምህር ለማዳን የፈጠሩት ነው ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ?"

ሸዋረጋ ባላምባራስን ላለማየት መሬት መሬት አየች። እሳቸው ሜዳልያቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ደመቀም ሰዉም እሳቸውን አያይም፣ ለምን ያያቸዋል? ለጃንሆይ ባንዲራ የተዋደቁ ሰው ከክብር ዘበኛ ሞት ጋር ምን አገናኛቸው! ዝም ቢሉ የሚጠይቃቸው አልነበረም።

ባላምባራስ ወደ ደመቀ ቀረብ አሉ።

"ጻፍ" አሉ።

"ምን ልጻፍ ጌታዬ?"

"ልጁ ሞቷል። ኮንጎ ሄዷል በይ ያልኳት እኔ ነኝ። አፏን የያዝኳት በዚህ እጄ ነው" ብለው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉት። "ለሠፈሩ ስል ነው እላለሁ ለራሴ። ውሸቴን ነው። ፈርቼ ነው። ስሜንም ጻፍ፤ ባላምባራስ ተክለማርያም ብለህ ሙሉውን።"

ደመቀ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ። የመኳንንትን ብዕር ቀለም አውራ ጣቷ ላይ አፍስሰው ሸዋረጋ ፈረመች፤ ባላምባራስ ከሥሯ ፈረሙ። ደመቀ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ደብተሩንም ብብቱ ሥር ያዘ።

"ደብተሩ ከኔ ጋር ይሄዳል" አለው ለመኳንንት። "አንተ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ጣቢያ ትመጣለህ። በእግርህ፣ ብቻህን።"

"እመጣለሁ" አለ መኳንንት። ከጆንያው ሲወርድ ስፒሮ ደገፈው።

ደመቀ በር ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ "እግዜር ያጥናዎት፣ እማማ" አላትና ፖሊሶቹን ይዞ ወጣ።

ሰዉ ለመሄድ አፈረ፣ ለመቆየትም ፈራ። ባላምባራስ ከዘራቸውን አንሥተው ነገሬ ላይ አፈጠጡ።

"አንተ ምን ያስቆምሃል? ሳታጣራ የነፋኸውን አሁን አጣርተህ ንፋ!"

"ም... ምን ብዬ ልጥራ ጌታዬ?"

"ወታደር በየነ ወንድሙ በል። የእድራችን የወይዘሮ ሸዋረጋ ልጅ በል።"

"የት ሞተ ልበል?"

"ስድስት ኪሎ በል" አለች ሸዋረጋ።

ነገሬ ወጣ። ጡሩምባው ጮኸ፣ ቀጥሎም ስሙ በኮልፌ ቅያስ ሁሉ እየተጠራ ሄደ። አሥራ ሦስት ዓመት በሹክሹክታ እንኳ ያልተጠራው ስም በአደባባይ ሲጮህ ሸዋረጋ ጆሮዋን አላመነችም። ሴቶቹ ይዘዋት መሬት አስቀመጧት፣ በግራ በቀኝ ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ከዚያ ሁሉም ዓይኑን እሷ ላይ ጥሎ እንደ ልማዱ እስክትጀምር ጠበቀ።

አፏን ከፈተች። ድምፅ የለም። ቅድም አውጥታ ጨርሳዋለች፤ ጉሮሮዋ ትንፋሽ ብቻ ይሰጣል። ሰዉ ተያየ። ለኮልፌ ሰው ሁሉ የምታለቅሰው እሷ ናት፤ ለእሷ ማን እንደሚያለቅስላት አስቦበት የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። እሷም ራሷ አላሰበችውም። አሁን ሆዷ እንዲያ ተከፍቶ፣ ሕዝብ ተሰብስቦ፣ ስሙ ተጠርቶ፣ ልጇ ሙሾ ሳይወርድለት ሊቀር ነው!

ብዙነሽ ደረቷን መታች።

በየነ በየነ፥ የሸዋረጋ ልጅ፣
እናትህ ብቻዋን፥ ስታለቅስልህ ኖረች።

ቤት አልመታም። ሁለተኛው ስንኝ ተንዘላዝሎ ወጣ፣ ዜማውም ተሰበረ። ሸዋረጋ በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ እዚያው ሰው ፊት ታርማት ነበር።

"ወየው፣ ልጄ!" ብላ በሻከረ ትንፋሿ ተቀበለቻት።